በካሴት ሽፋን ላይ የተጻፈ ስም

(በቂሊንጦ ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምንነግራችሁ ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ስለ ጉድጓድ ውኃ ንጽሕናም አይደለም። እሱን አዘጋጅተን ነበር፤ ለሌላ ቀን አቆይተነዋል። ያስለወጠን ባለፈው ሳምንት ከመካከላችሁ የተነሣ አንድ ጥያቄ ነው።

ነገሩን ታስታውሳላችሁ። አንድ አባት ከቤታቸው አሮጌ የካሴት ሽፋን ይዘው መጡ። ካሴቱ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሽፋኑን ግን አስቀምጠውታል። «ልጆች፣ እስቲ ይቺን አንብቡልኝ» አሉን። እኛም «እርስዎ ራስዎ ያንብቧት እንጂ» አልናቸው። ጣታቸውን ከፊደል ወደ ፊደል እያስኬዱ «አ… ቡ… ጊ… ዳ…» አሉ። ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሽፋኑን ትተው ፊደል መቁጠር የጀመሩ መስሏችሁ ነበርና። እሳቸው ግን በትክክል ነበር ያነበቡት። የካሴቱ ስም አቡጊዳ ነው። ቀጥለውም የዘፋኙን ስም አነበቡ፤ ቴዎድሮስ ካሳሁን።

ይኼኔ ነው እማማ ከኋላ ወንበር ሆነው የጠየቁን። «ለመሆኑ ዘፈን የማን ነው? የዘፈነው ሰው ነው ወይስ ግጥሙን ያወጣው?» አሉ። እማማ እዚሁ ስላሉ ይቅርታ ይደረግልንና፣ ለምን እንደጠየቁ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚህ አካባቢ በሠርግም በለቅሶም ግጥም የሚያወጡ እሳቸው ናቸው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። «እኔ ያወጣሁትን ስንቱ ይለዋል፤ ስሜን ግን የሚያነሣው የለም» ብለውናል። እኛ ያን ዕለት ጥሩ መልስ አልነበረንም። ዛሬ ያንኑ የካሴት ሽፋን ይዘን ለመመለስ እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ያሳቃችሁን ቃል እንመልከት። ሀሁን ስንማር ሀ ሲባል ሁ ይከተላል፤ ከዚያ ሂ፣ ከዚያ ሃ። ተማሪው ሲለምደው ዓይኑ ሥራ ይፈታል፤ አፉ ብቻ ይሮጣል። የድሮ የኔታዎች ይህን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ሀሁን የጨረሰውን ልጅ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩት ነበር። በአቡጊዳ አ ግዕዝ ነው፤ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ደግሞ ሳብዕ ነው። በየእርምጃው ፊደሉም ይለወጣል፤ ድምፁም ይለወጣል። ሀሁን በቃሉ ይወርደው የነበረ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ ፊደሉን በዓይኑ መለየት ግድ ይሆንበታል። ይህ ቃል ከአገራችን አልፎም ሄዷል። ፒተር ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ የጽሕፈት ተመራማሪ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990፣ እንደኛ ፊደል ያለውን የጽሕፈት ዓይነት በጠቅላላ «አቡጊዳ» ብሎ ሰይሞታል። ዛሬ የሕንድ አገር ፊደሎች ሳይቀሩ በምሁራን ዘንድ በዚሁ ስም ይጠራሉ። እንግዲህ አባታችን ያነበቧት ቃል ቀላል ቃል አይደለችም።

ቴዎድሮስ የመጀመሪያ አልበሙን በዚህ ስም ያወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ነው። አልበም ማለት አንድ ላይ ተሰብስበው የሚወጡ ዘፈኖች ናቸው፤ በካሴትም ቢሆን፣ በሌላም ነገር ቢሆን። ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ነበር። ለመጀመሪያ ሥራው የመጀመሪያ ትምህርት ስም መስጠቱ ደስ ይላል። እኛም ማስተማር ስንጀምር ጠመኔ ይዘን እንደተንቀጠቀጥን አይታችኋል።

አሁን ወደ ቤተሰቡ እንምጣ። ቴዎድሮስ የተወለደው ሐምሌ 7 ቀን 1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አባቱ አቶ ካሳሁን ገርማሞ የዘፈን ግጥም ደራሲ ነበሩ። እናቱ ወይዘሮ ጥላዬ አራጌ ደግሞ በሙያቸው ተወዛዋዥ ነበሩ። በአገራችን ሙያ ከወላጅ ወደ ልጅ መተላለፉ አዲስ ነገር አይደለም። በጎንደር በኩል ልጅ ከአባቱ መሰንቆ የሚማርባቸው፣ አዝማሪነት ከትውልድ ትውልድ የሚወርድባቸው መንደሮች አሉ። አናጢው፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩም እንዲሁ ነው። እናንተም ሞፈርና ቀንበር ማበጀት የተማራችሁት ከትምህርት ቤት አይደለም።

የዚህን ቤተሰብ ሙያ ግን ልብ በሉ። ግጥም የሚጽፍ ሰው መድረክ ላይ አይታይም። ተወዛዋዥም ብትታይ የሕዝቡ ዓይን የሚያርፈው ዘፋኙ ላይ ነው። አባትም እናትም ሥራቸው ከዘፈን ጎን የሚቆም ሥራ ነበር። ልጃቸው ነው ወደ ፊት የወጣው። ነገር ግን ሽፋኑን ደግማችሁ አንብቡት። ቴዎድሮስ ካሳሁን ይላል። በኛ አገር ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው አይደል? ስለዚህ የልጁ ሙሉ ስም በታተመበት ሽፋን ሁሉ የዚያ ግጥም ጸሐፊ ስምም አብሮ ታትሟል። ሕዝቡ አሳጥሮ ቴዲ አፍሮ ይለዋል፤ ሙሉው ስም ሲጻፍ ግን አባትየው አሉ።

አሁን ጥያቄውን እንንካው። አንድ ዘፈን በሦስት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ግጥሙ ነው፤ ይኸውም ቃሉ። ሁለተኛው ዜማው ነው፤ ቃሉ የሚወጣበትና የሚወርድበት መንገድ። ሦስተኛው ቅንብሩ ነው፤ የትኛው መሣሪያ የት ላይ እንደሚገባ፣ የት ላይ ዝም እንደሚል የሚወሰንበት። አዝማሪ ሦስቱንም ብቻውን እዚያው በቆመበት ይሠራል። የከተማ ሙዚቃ ግን ሥራውን ከፋፈለው። ታላቁ ጥላሁን ገሠሠ እንኳ ብዙዎቹን ዘፈኖቹን የዘፈነው ሌሎች የጻፉለትን ግጥም ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ እሱ ድምፁን ሰጠ፣ እነሱ ቃላቸውን ሰጡ። ችግሩ ሕዝብ የድምፁን ባለቤት ብቻ ማወቁ ነው። የግጥሙ ባለቤት ስም ያለው በሽፋኑ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

ቴዎድሮስ የአዝማሪውን መንገድ በከተማ ሙዚቃ ውስጥ መለሰው ማለት ይቻላል። የሚዘፍነውን ግጥም በአብዛኛው የሚጽፈው ራሱ ነው፤ ዜማውንም ያወጣል። ስለዚህ እማማ፣ በሱ ዘፈን ላይ «የማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ አያስቸግርም።

የራስን ቃል መዝፈን ግን የራሱ ዕዳ አለው። ቃሉ ሲወደድ እሱ ይወደዳል፤ ሲጠላም የሚጠየቀው እሱ ነው። ያስተሠርያል የተባለው አልበሙ የወጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት አገሩ በምርጫ የታመሰበት ዓመት ነበርና ዘፈኑ ከፖለቲካው ጋር ተያይዞ ብዙ አነጋገረ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በመኪና ሰው ገጭተህ አምልጠሃል ተብሎ ታሰረ። እሱ አላደረግኩም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤት ስድስት ዓመት ፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ ሁለት ዓመት ተቀነሰለት፤ በነሐሴ ወር 2001 ዓ.ም. ተፈታ። የታሰረበት የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ከኛ ከቂሊንጦ ብዙ የሚርቅ አይደለም። ደጋፊዎቹ ጉዳዩን ከዘፈኑ ጋር ያያይዙታል፤ መንግሥት የተራ ወንጀል ጉዳይ ነው ብሏል። እኛ ዳኞች ስላልሆንን ከዚህ አንገባም።

ሌላው አልበሙ ጥቁር ሰው ይባላል። የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ዓድዋ ጦርነት ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ስለተደረገው። ይህን ስናነሣ በዚሁ ክፍል ሁለት ሽማግሌዎች እንደተከራከሩ አልረሳነውም። አንደኛው «ዓድዋ የሁላችን አባቶች ደም ነው፤ ሰውየው ደግ አደረገ» አሉ። ሁለተኛው «የኔ አያቶች በምኒልክ ዘመን ያዩትን ይህ ዘፈን አይናገርም» አሉ። በአገሪቱም የሆነው ይኸው ነው፤ ዘፈኑን በእልልታ የተቀበሉት ብዙ ናቸው፤ የተቆጡበትም አሉ። ዘፈን አምስት ደቂቃ ነው፤ ስንቱን ሊይዝ ይችላል? ሁለተኛው ሽማግሌ የነገሩንን ግን የሚጽፈው ሰው ያስፈልጋል። እሳቸው እስከ ገና ድረስ ራሳቸው ይጽፉታል ብለን ተስፋ አድርገናል። እጅዎን አይሸሽጉ፣ አባባ፤ ፊደልዎ እኮ ከኛ ይበልጥ ያምራል።

ከሁሉም እኛን የሚማርከን ቀጥሎ የመጣው ነው። በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ኢትዮጵያ የተባለ አልበም አወጣ። ቢልቦርድ የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት በሚያወጣው የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ። የምረቃ ዝግጅቱ ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ተከለከለ። በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር ባሕር ዳር ላይ ለብዙ ሕዝብ ዘፈነ።

በዚህ አልበም ውስጥ «ማር እስከ ጧፍ» የሚል ዘፈን አለ። መነሻው መጽሐፍ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለ ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ ማለት ደራሲ ከልቡ አውጥቶ የሚጽፈው ታሪክ ነው። ታሪኩ የጎጃም ነው። በዛብህ የደሃ ገበሬ ልጅ ነው፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምሯል። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምርላቸው ቤታቸው አስገቡት። እሱ ፊደል ሊያስተምር ገባ፤ ሁለቱም በፍቅር ተያዙ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አንነግራችሁም። መጨረሻው ሐዘን መሆኑን ግን ርዕሱ ራሱ ተናግሯል። እኛ እዚህ የመጣነው ፊደል ለማስተማር ብቻ ነው፤ አትሥጉ!

ይህን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ የተባለው ተዋናይ በሬዲዮ ተርኮታል። ማንበብ የማይችል ስንት ሰው በሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ሰምቷል! ከእናንተም የሰማችሁ እንዳላችሁ ነግራችሁናል። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ሽማግሌ ደራሲ በወረቀት ላይ ያሰፈሩት ታሪክ በተዋናይ አፍ ወደ ሬዲዮ ገባ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ዘፈን ሆነ። የዘፈኑ ስምም ለንብ አርቢ ግልጽ ነው። ከቀፎ ማር ይወጣል፤ ሰሙ ደግሞ ጧፍ ይሆናል። ማሩ የደስታ ነው፤ ጧፉ የጸሎትም የለቅሶም ነው። እኛ የተረዳነው እንዲህ ነው፤ እናንተ ሌላ ካያችሁበት ንገሩን። አስቀድመው የጻፉት ሰው ባይጽፉት ኖሮ ግን ዘፋኙ ከየት ያገኘው ነበር?

አሁን እማማ ወዳሉን እንመለስ። ትናንት ማታ ከትምህርት በኋላ እኛና እሳቸው ቀርተን አንዱን የሠርግ ግጥማቸውን በደብተር ጻፍነው። ቀላል አልነበረም። እሳቸው ሲሉት እኛ ጻፍን፤ ስናነብላቸው «እንዲህ አይደለም» አሉ። ደገሙት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተለየ። ሦስተኛውም ተለየ። ለካ ግጥሙ እንደ ሠርጉ ቤት፣ እንደ ሙሽራዋ ይለዋወጣል። «ታዲያ የቱን እንጻፍ?» ብንላቸው ጥቂት አሰቡና «ዛሬ ያልኩትን ጻፉ። ነገ ሌላ ካልኩ ነገ ትጽፋላችሁ» አሉን። በዩኒቨርሲቲ ይህን ያስተማረን የለም።

ጽፈን ስንጨርስ እርሳሱን ተቀበሉንና ከግርጌው ስማቸውን ራሳቸው ጻፉ። የአባታቸውንም ስም ጨመሩ። አባታቸው በአውድማ ላይ በሬ ሲነዱ ያንጎራጉሩ እንደነበር፣ ግጥም ማውጣትንም ከሳቸው እንደተማሩ ያን ጊዜ ነገሩን። የአባታቸው ስም በወረቀት ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያው መሆኑንም ነገሩን። ሁለተኛው ፊደል ላይ ደርሰው ቆሙ፤ ካዕቡ ጠፋባቸው። እኛ ልንነግራቸው ስንል እጃቸውን አንሥተው ከለከሉን። በጣታቸው ከግዕዙ ጀምረው ቆጠሩና አገኙት።

ደብተሩ ይኸው ጠረጴዛው ላይ አለ። በየተራ አንብቡት። ሌላ ግጥም፣ የአውድማም ይሁን የለቅሶ፣ የምታውቁ ካላችሁ ነገ ማታ እንጽፋለን። ያወጣውን ሰው ስም የምታስታውሱ ስሙንም ይዛችሁ ኑ። እርሳስ ያለቀባችሁ ከኛ ውሰዱ።