አሮጌዋ ቮልስዋገን ለዕለት ሥራ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ታላላቅ ነገሮች ሳይሆን ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ለመናገር ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን እኛን አራት ተማሪዎች ከባድ ትምህርት ስላስተማረን፥ ከስሕተታችን ሌላውም እንዲጠቀም ብንነግራችሁ መልካም ነው ብለን አሰብን።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ቮልስዋገን ናት። ይህችን ዓይነት መኪና ከእናንተ መካከል የማያውቃት የለም። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች።

አሮጌ መኪና ለምን ፈለጋችሁ የሚል ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ኪሱ ለሳሳ ሰው፥ እዚሁ ያለችውን አሮጌ መኪና ማደስ ቀልድ ሳይሆን ብልኃት ነው።

አሁን ስሕተታችንን እንናገር። መኪናዋን ከአንድ ዘመድ በርካሽ ገዝተን፥ የቀረችንን ገንዘብ በሙሉ በቀለምና በራዲዮ ላይ አዋልናት። ውኃ ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ በግቢው በር ስትገባ ያላደነቀን አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ፥ ፍሬኑን የረገጠው ጓደኛችን እግሩ እስከ ወለሉ ዘልቆ ገባ። በዚህች መኪና የፍሬኑ ዘይት የሚሄደው በአንድ መሥመር ብቻ ስለ ሆነ፥ አንዱ ጎሚኒ ሲያፈስ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። ከፊታችን እንጨት የተሸከሙ እናቶች በመንገዱ ዳር ይወርዱ ነበር። ጓደኛችን ማርሹን ወደ ታች እየቀየረ፥ በገመድ የሚሠራውን የእጅ ፍሬን ቀስ በቀስ እየሳበ፥ ከእነርሱ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው አቆማት። ራዲዮው ግን ይዘፍን ነበር።

በዚያው ማታ ከአራታችን ሦስታችን «እንሽጣት፤ ቀለሟ ያምራል፤ ገዢ አይጠፋም» አልን። አራተኛው «ስለ ፍሬኗ ለገዢው እንነግረዋለን ወይስ ዝም እንላለን?» ብሎ ጠየቀን። የመለሰለት አልነበረም። ዝም ብሎ መሸጥ የራስን አደጋ በሌላ ሰው ቤት ማስቀመጥ መሆኑ ስለ ገባን፥ ራዲዮውን ሸጠን ሥራውን በተራው ጀመርን።

አንደኛ፥ ማቆም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርደን ስንጠይቅ ውለን ጎሚኒዎቹንና የፍሬን ቱቦዎቹን አገኘን፤ ሸራውም ተለወጠ፤ መሪውና ጎማዎቹም ተፈተሹ። ፍሬኑን የሠራው ልምድ ያለው መካኒክ ነው፤ እኛ መፍቻ አቀባዮች ነበርን። በፍሬን ላይ ለማጅ እጁን አይፈትንም።

ሁለተኛ፥ እሳት። የቤንዚን ቱቦው ደርቆ ሲሰነጠቅ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። የቱቦው ዋጋ ጥቂት ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው። ባትሪዋም ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለምትቀመጥ፥ የመቀመጫው ብረት ጫፎቿን እንዳይነካ ሸፈንናት፤ ዝገት የበላውንም ወለል በላሜራ አስበየድን።

ሦስተኛ፥ ሞተር። ይህች መኪና በውኃ ሳይሆን በነፋስ ስለምትቀዘቅዝ፥ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰ ወዲያው መቆም ነው። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለ ሆነ በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል። የቫልቮቹን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር፥ የፑንቲናውን 0.4 ሚሊ ሜትር አደረግን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ 34 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ሩብ ያህል ኃይሉን ያጣል፥ ቤንዚንም ይበዛበታል። ስለዚህ በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ በጠባብ አስለወጥን። ጥቁሩ ጭስ ቀረ።

አራተኛ፥ መብራት። ኤሌክትሪኳ 6 ቮልት ስለ ሆነ መብራቷ ደካማ ነው። ሽቦዎቹ ከብረቱ ጋር የሚገናኙበትን ዝገት ብንፍቀው ብቻ ብርሃኗ ጨመረ።

ካወጣነው ከየአሥሩ ብር አምስቱ ለማቆሚያው ነገር፥ ሦስቱ ለሞተር፥ ሁለቱ ለወለልና ለመብራት ሆነ። ለውበት የተረፈ የለም።

እንግዲህ ደስታው የት አለ ትሉ ይሆናል። ደስታው በፍጥነት አይደለም። መሪዋ ቀላል ነው፤ ሞተሯ ከኋላ ጎማዎች ላይ ስለ ተጫነ የክረምት ጭቃ ዳገት ትወጣለች። ጉልበቷ ጥቂት ስለ ሆነ ነጂው አስቀድሞ ያስባል፤ ዳገቱ ሳይደርስ ማርሽ ይቀይራል፥ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። ከመታጠፊያ በፊት ፍጥነት ይቀንሳል፤ በመታጠፊያው መካከል እግሩን ከነዳጁ ድንገት ካነሣ ኋላዋ ሊንሸራተት ይችላልና። በምትሰማውና በምታምናት መኪና ወደ ትምህርት ቤት መምጣት፥ በየጧቱ ትንሽ በዓል ነው።

ዛሬ አንዱ ፓራፋንጎዋ ከመበየድ የተነሣ ቀለሙ ተቃጥሏል፤ እንደዚያው ትተነዋል። ያን ባየን ጊዜ የሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ትዝ ይለናል።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፥ ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት ፍሬኑን ርገጡ። ቅዳሜ ጧት ከግቢው በስተጀርባ ቫልቭ ስናስተካክል መጥታችሁ ብታዩ ደስ ይለናል፤ መፍቻ የሚያቀብል እጅ ምን ጊዜም ይፈለጋል።