ማይል ስንለቅም ወለድ እንዳይለቅመን!

(ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ጡረታ የወጡ ኢትዮጵያውያን ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልናገርም። እሱን የሚናገር በዚህ ከተማ ጠፍቶ አያውቅም። (ሳቅ) እኔ የመጣሁት በየፖስታ ሳጥናችሁ ስለሚታጨቀው የክሬዲት ካርድ ማስታወቂያ ላወራችሁ ነው። «ይህን ያህል ሺህ ማይል በነጻ!» ይላል። አሜሪካ ውስጥ ነጻ የሚባል ነገር እንደሌለ ታክሲ ስንነዳ፣ ፓርኪንግ ስንጠብቅ፣ የሆስፒታል ወለል ስንወለውል አይተነዋል። ይሁን እንጂ ሁሉንም ውሸት ነው ብሎ ቅርጫት ውስጥ መጣሉም ሌላ ኪሳራ ነው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ የደረስኩት በማይል ነው። ከኪሴ የወጣው የታክሱና የጥቃቅኑ ክፍያ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ይህን ማይል የሚከፍልልን ማን ነው? አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ) ለደንበኞቹ ማይል መቁጠር ሲጀምር ነገሩ ለተመላላሽ ነጋዴ ነበር። ከዚያ ባንኮች ገቡበት። ባንኩ ካርድ በተፋቀ ቁጥር ከባለሱቁ ይቀበላል፤ ዕዳውን በጊዜው ከማይጨርስ ሰው ደግሞ ወለድ ይሰበስባል። ከዚያ ላይ ቆንጥሮ ለእኛ ማይል ይሰጠናል። እንግዲህ እኔ በማይል ስበር፣ ወለድ የሚከፍል አንድ ወገን የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው። ያ ሰው እናንተ እንዳትሆኑ ነው የኔ ጭንቀት!

በ2023 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የክሬዲት ካርድ ወለድ አማካዩ ከ20 በመቶ በላይ ሆኗል። 2,000 ዶላር ዕዳ በ22 በመቶ ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጥ 440 ዶላር ወለድ ነው። በማይል 440 ዶላር ለማግኘት ስንት እንጀራና ስንት ቤንዚን መግዛት እንዳለባችሁ ገምቱ። ስለዚህ ካርዱ ላይ ዕዳ ያለበት ሰው ስለ ማይል የምለውን ዛሬ ባይሰማም ይሻላል፤ መጀመሪያ ዕዳውን ይጨርስ። ዕዳ የሌለበት ደግሞ ባንኩ ወር በወር ሙሉውን ሂሳብ በራሱ ከቼኪንጉ እንዲወስድ ያዝዝ። «ሙሉውን» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ፎርሙ ላይ «ዝቅተኛውን ክፍያ» የሚል ሌላ ምርጫ አለ፣ ወጥመዱም እሱ ነው። ሕጉ ሂሳቡ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ እንዲላክ ያስገድዳል። የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ የሚገባበት ቀን ካልገጠመላችሁ ባንኩ ጋ ደውሉና ቀኑን ለውጡልኝ በሉ፤ ብዙዎቹ ይለውጣሉ።

ስንት ካርድ ይያዝ? ልጆቻችን አምስት ስድስት ይይዛሉ፤ ይኼ ለምግብ ቤት፣ ይኼ ለሆቴል፣ ይኼ ለቤንዚን እያሉ። ለኛ ዕድሜ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። እስቲ እናስላው። አንድ ጡረተኛ ለአስቤዛ፣ ለስልክ፣ ለነዳጅና ለመኪና ኢንሹራንስ በወር 1,200 ዶላር ያወጣል እንበል። በዓመት 14,400 ነው። በ1 ዶላር 2 ማይል የሚሰጥ ካርድ 28,800 ማይል ያስገኝለታል። ማይሉን በ1 ሳንቲም ብንመታው 288 ዶላር ይሆናል። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ ካርድ ብዙ ጊዜ 95 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ አለው፤ የቀረው 193 ነው። ዓመታዊ ክፍያ የሌለው፣ በ1 ዶላር 1.25 ማይል የሚሰጠው ደግሞ 18,000 ማይል፣ ማለትም 180 ዶላር ያመጣል። ልዩነቱ 13 ዶላር! ለ13 ዶላር ብሎ 95 ዶላር አስቀድሞ መክፈል ለኔ አልታይ ብሎኛል። ወጪው በዛ ያለ ቤተሰብ ሌላ ነው፤ እሱ የራሱን ያስላ። ሎውንጅ የሚያስገቡት ትልልቆቹ ካርዶችማ ተዉአቸው። ቼዝ ሳፋየር ሪዘርቭ በ2025 ዓመታዊ ክፍያውን 795 ዶላር አድርሷል፤ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲነም በዚያው ዓመት 895 ገብቷል። ለአንድ ኩባያ ቡናና ለለስላሳ ወንበር!

ትልቁ ማይል የሚገኘው ግን ካርዱ ሲወጣ በሚሰጠው ስጦታ ነው። ብዙ ጊዜ «በ3 ወር ውስጥ 4,000 ዶላር አውጡ» ይላል። ያ በወር 1,200 የሚያወጣው ጡረተኛ በ3 ወር የሚደርሰው 3,600 ነው። 400 ጎደለው። ታዲያ ለ400 ዶላር ብሎ የማያስፈልገውን ቴሌቪዥን ይግዛ? አይግዛ! የስድስት ወሩ የመኪና ኢንሹራንስ የሚከፈልበት ወይም ጥርስ የሚሠራበት ወቅት ሲደርስ ያን ጊዜ ያመልክት። ወጪው ይቅደም፣ ካርዱ ይከተል።

አሁን ወደ አገር ቤት መንገድ እንምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2011 ስታር አሊያንስ የሚባለውን የአየር መንገዶች ማኅበር ተቀላቅሏል። ዩናይትድና ኤር ካናዳም እዚያው ናቸው። ትርጉሙ በዩናይትድ ወይም ኤሮፕላን በሚባለው የኤር ካናዳ ማይል የኢትዮጵያ አየር መንገድን ወንበር መያዝ ይቻላል ማለት ነው። የቼዝ ፖይንት (በሚፈቅዱት ካርዶች) ወደ ሁለቱም፣ የካፒታል ዋን ማይል ደግሞ ወደ ኤር ካናዳው ይዛወራል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አንዴ የተዛወረ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ወንበሩ መኖሩን አዩ፣ ከዚያ አዛውሩ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይሠራውና ማይሉ የማይፈልገው ቦታ ተቀምጦ ይቀራል።

ወንበሩ ደግሞ ለገናና ለጥምቀት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋም አይገኝም፤ ይሸጣላ! የሚገኘው ሠራተኛ ሥራ ላይ፣ ተማሪም ትምህርት ላይ ባለበት ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ጡረተኛ ጌታ ነው። ማክሰኞ ቢባል ማክሰኞ፣ በጥቅምት ቢባል በጥቅምት ይሄዳል።

እኔ ግን ማይሌን ሁሉ ለሽርሽር አልጨርሰውም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በሌሊት ስልክ ተደውሎለት መርዶ ያልሰማ ማን አለ? ዛሬ ወይም ነገ ልሂድ ያለ ሰው የሚጠየቀው የቲኬት ዋጋ ከሐዘኑ በላይ ያስለቅሳል። ተበድረን ሄደናል፣ ሳንሄድ የቀረንም አለን። አንድ የደርሶ መልስ ማይል ሳይነካ ቢቀመጥ ለእንዲህ ያለው ቀን ይሆናል። ሁልጊዜ ወንበር ይገኛል አልልም፤ ሲገኝ ግን ከሰው ፊት ከመቆም ያድናል።

አዲስ አበባ ስትደርሱ ካርዱ ከትልልቅ ሆቴልና ከአየር መንገድ ቢሮ ውጪ ብዙም አይሠራም፤ ጉሊት ላይ ማይል የለም። (ሳቅ) ይዛችሁ የምትሄዱት ካርድ የውጭ አገር ክፍያ የማይጠይቅ ይሁን፤ አለበለዚያ 3 በመቶ ገደማ፣ ከ1,000 ዶላር 30 ዶላር ይወስዳል። ማሽኑ «በዶላር ወይስ በብር?» ሲላችሁ በብር በሉ። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ አታውጡ፤ ወለዱ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይቆጥራል። ለዚያ ዴቢት ካርድ አለ።

ቲኬቱ ተገኘ ብላችሁ ከመብረራችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። መደበኛው ሜዲኬር ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጪ ሕክምና አይሸፍንም፤ ለመንገዱ ኢንሹራንስ ጠይቁ። ኤስ ኤስ አይ የምትቀበሉ እናቶችና አባቶች ደግሞ 30 ቀን ተከታትሎ ከአገር ከወጣችሁ ክፍያው ይቆማል። በማይል የሄደ ሰው ከዘመድ ጋር ሁለት ወር ተቀምጦ ሲመለስ የኪራይ ገንዘብ ቢያጣ ምን ተጠቀመ?

የመጨረሻው ነገር ደስ አይልም፣ ግን ልናገረው። ብዙ ቤት ካርዱ በአባወራው ስም ነው፤ ባለቤቱ ተጨማሪ ተጠቃሚ ናት። ማይሉ የእሱ ነው። እሱ ቢሞት ካርዱ ይዘጋል፣ ማይሉንም ብዙው ድርጅት በውሉ መሠረት ሊሰርዘው ይችላል፤ አንዳንዱ ቤተሰብ ሲጠይቅ ያስተላልፋል፣ አንዳንዱ አያስተላልፍም። ስለዚህ እትዬ፣ እርስዎም በራስዎ ስም አንድ ካርድ ይኑርዎት። የይለፍ ቃሉንም ሁለታችሁም የምታውቁት ደብተር ላይ ጻፉት።

አሁን ጥያቄ ካለ እሰማለሁ። የባንክ ደብዳቤ ይዛችሁ የመጣችሁ ከሻዩ በኋላ እዚያ ጥግ ካለው ጠረጴዛ እንገናኝ፤ መነጽሬን ይዣለሁ።