ከቀጠሮ የሚቀሩት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ክብደት ለመቀነስ ወደ እኛ የሚመጡ ሰዎች ጠባያቸው ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀጠሮ አያጓድሉም፤ የበሉትንም በደብተር ይመዘግባሉ። በመካከሉ በዓል ወይም ሠርግ ይመጣና የቀነሰው ክብደት በጥቂቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ይቋረጣል፤ ቀጥሎም ሰውየው ራሱ ይቀራል። እርዳታችን እጅግ በሚያስፈልገው ጊዜ ይርቀናል ማለት ነው።

በበኩሌ፣ የሚያርቀው ኀፍረት ነው እላለሁ። ለኀፍረቱም እኛ ድርሻ አለን። ከዓመታት በፊት አንድን አዛውንት «የጻፉትን ያህል ብቻ ቢበሉ ኖሮ በቀነሱ ነበር» ብዬ ደብተራቸውን ዘጋሁት። ዝም ብለው ወጡ፤ ዳግመኛም አልተመለሱም።

ስለ ቁጥሩ ምናልባት አልተሳሳትሁም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት «ጥቂት እየበላን ክብደታችን አልቀነሰም» ያሉ 10 ሰዎችን መርምሮ፣ የበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ የሰውነት እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አብዝተው መናገራቸውን አሳይቷል። ነገር ግን አሳንሶ መናገር ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። ከአንድ መሶብ በጋራ በሚበላበት ቤት የእያንዳንዱን ድርሻ ማን ይለካል? ጉርሻውን፣ የቡና ቁርሱንና የስኳሩን ማንኪያስ ማን ይቆጥራል?

የክብደቱ መመለስም የፈቃድ ድካም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ ክብደት በቀነሱ ሰዎች ውስጥ የምግብ ፍላጎትን የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖች ከአንድ ዓመት በኋላም ወደ ቀድሞ መጠናቸው አልተመለሱም።

ይህ ሁሉ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት፣ ለበሽታው የተጋለጡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ተመክረው ነበር። በበሽታው መያዝም ከንጽጽር ቡድኑ ይልቅ በ58 በመቶ አንሶ ተገኝቷል። ግቡ መጠነኛ ነበር፤ ሆኖም እያንዳንዱን ሰው በቅርብ የሚከታተል አማካሪ ነበረ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ከቀጠሮ የቀረውን ሰው ስሙን ከመዝገብ ከመሰረዛችን በፊት ፈልገን እንጠይቀው። በተመለሰም ጊዜ ወደ ሚዛኑ ከማቅረባችን አስቀድመን «እንኳን ደኅና መጡ» ብለን እናስቀምጠው። እኔ ለእኒያ አዛውንት ይህን ሳልላቸው ቀርቻለሁ።