ዝም ያለ ልጅ ሐሳብ አለው



በየካ ሚካኤል ሰፈራችን የማይናገር ልጅ አለ እንበል። ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል። የሰው ዓይን ይሸሻል። ጎረቤት «እርግማን ነው» ይላል። እናት ታፍርና ጓዳ ትደብቀዋለች። እርግማን ግን አይደለም፤ ኦቲዝም ይባላል። አንጎል ከመነሻው በሌላ መንገድ ሲያድግ የሚመጣ ነው።

ታዲያ ልጁ ውስጡ ምን አለ? ይህን አጥርቶ የሚነግረን ባለቤቱ ነው። ቴምፕል ግራንዲን የምትባል አሜሪካዊት ኦቲዝም አለባት። እስከ ሦስት ዓመት ተኩል አፏን አልፈታችም። ኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1986 የሕይወት ታሪኳን በመጽሐፍ አወጣች። ኃይለኛ ድምፅ እንደሚያማት፣ ሐሳብ በቃል ሳይሆን በሥዕል እንደሚመጣላት በመጻሕፍቷ ነገረችን። ሰው ይህን አንብቦ «ለካ ጥጋብ አይደለም!» አለ።

በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም አለበት። እርሳቸው አልደበቁትም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ፣ በፊደላችን ድምፅ የሚያስተምር ዘዴም አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዐረፉ፤ ሥራቸው ግን ቀረ።

አንባቢ ሆይ! አንተ ትናንት ፊደል ቆጠርህ፤ ዛሬ ስምህን ትጽፋለህ። ልጁንም ከጓዳ አውጣው። ሥዕል አሳየው፣ ፊደል አሳየው፣ ጊዜ ስጠው። ሁሉም መጽሐፍ አይጽፍም፤ አንዱ በጣቱ፣ አንዱ በሥዕል ይናገራል። እኛ እንጠብቀው፤ እናድምጠው።

ደህና ሰንብቱ።