የአባቶቻችን ዕፀዋትና የሳይንስ ምርመራ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



 የመረጥነው ጉዳይ ስለ ዕፀዋት መድኃኒት ነው። በፈረስ ቤትና በዙሪያው ተወልዶ ያደገ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ምች የመታው ዳማከሴ አሽቶ ይቀባል፤ ሆዱን የቆረጠው ጤና አዳም ይቀምሳል፤ ቀበርቾ በብዙ ቤት ይታጠናል፤ የኮሶ ስሙ እንኳ ፊት ያስጨፈግጋል። ነገር ግን በልማድ ማወቅና መርምሮ ማወቅ አንድ አይደሉም። ልማድ «ያድናል» ይላል፤ ምርመራ ግን «ምኑ ያድናል? ስንቱ ያድናል? ስንቱስ ይጎዳል?» ብሎ ይጠይቃል። ንግግራችን በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ነው።

በመጀመሪያ ኮሶን እንመልከት። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል መብዛቱ የታወቀ ነው። አባቶቻችን የሴቴውን ዛፍ አበባ አድርቀውና ወቅጠው፥ በውሃ በጥብጠው በባዶ ሆድ ይጠጡ ነበር። ይህ መድኃኒት በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ ተወስዶ በብዙ አገሮች የመድኃኒት መዝገብ ገባ፤ ኬሚስቶችም ትሉን የሚጎዳውን ንጥረ ነገር ከአበባው ለይተው አወጡ። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አገኘ ማለት ነው። ችግሩ በቀሩት በሁለቱ ላይ ነው። አንድ እፍኝ ኮሶ ከሌላው እፍኝ ጋራ በኃይሉ እኩል አይደለም። ከልክ በላይ የጠጡ ሰዎች ክፉኛ ታመዋል፤ ዓይናቸው የተጎዳም በሐኪሞች ተመዝግበዋል። ዛሬ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠን ክኒን የሚበልጠው ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ሳይሆን ልኩ ስለ ታወቀ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን እንዶድ ነው። እናቶቻችን በፍሬው ነጠላና ኩታ ያጥቡበት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ/ም ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሊቅ ብልሃርዝያን ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። የዚህ በሽታ ትል በወንዝ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሆድ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣና የሚዋኘውን፥ የሚሻገረውን፥ ልብስ የሚያጥበውን ሰው በቆዳው በኩል ይገባበታል። ዶክተር አክሊሉም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፍ ይሆናል። እርሳቸው ግን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ አስቀምጠው የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ፍሬውን በቤተ ሙከራ እየመዘኑ መመርመር ጀመሩ።

ምርመራው በአንድ ቀን አላለቀም። በዓድዋ ወንዞቹ ለአምስት ዓመት ያህል በእንዶድ ሲታከሙ፥ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል ከመቶ 50 የነበረው የሕሙማን ቍጥር ወደ 7 ወረደ። እንዶድ ዓሣንም እንደሚገድል፥ ነገር ግን በውሃ ውስጥ ቶሎ እንደሚበሰብስ ታወቀ። ለዚህ ሥራ ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ዓ/ም «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም በዶክተር አክሊሉ ስም ተሰይሟል። ብልሃርዝያ በፍኖተ ሰላም አካባቢም በተማሪዎች ላይ የተገኘ በሽታ ስለ ሆነ፥ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ሌሎች ሕዝቦችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የቻይና ሊቅ ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒት ስትፈልግ ከ1600 ዓመት በፊት የተጻፈ የአገሯን መጽሐፍ አነበበች። መጽሐፉ ቅጠሉ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ ያዝዛል። እርስዋም «እስከ ዛሬ ኃይሉን ያጠፋነው በማፍላት ይሆን?» ብላ ሳታፈላ አወጣችው፤ በ1972 ዓ/ም ከሌሎች በፊት ራስዋ ቀመሰችው። በ2015 ዓ/ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በታች ባለው ቆላ ወባ የያዘው ወገናችን የሚውጠው ኮአርተም የተገኘው ከዚህ ሥራ ነው። አንድ አሮጌ መጽሐፍ በጥንቃቄ ተነብቦ የብዙ ሰው ሕይወት አዳነ።

በእኛስ ዘንድ? በጎጃም መድኃኒት በብራና የጻፉ ሊቃውንትና በቃል የያዙ አዋቂዎች አልጠፉም። ነገር ግን አዋቂው ምስጢሩን ለአንድ ልጁ ብቻ ይነግራል፤ ልጁ ወደ ከተማ ከሄደ ምስጢሩ ከአባቱ ጋራ ይቀበራል። «ብነግር ሌላው ይከብርበታል» የሚለው ሥጋት ከንቱ ነው አንልም። ስለዚህ ሥጋት አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብን ዕውቀትና ከጥቅሙ የመካፈል መብቱን በሕግ እንደሚጠብቅ ለሽማግሌዎቻችን ልናስረዳ ይገባናል።

ዕፀዋቱም ራሳቸው እያለቁ ናቸው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅለው ቀበርቾ የሚፈለገው ሥሩ ስለ ሆነ፥ አንዱን የቆፈረ ተክሉን ፈጽሞ ነቀለ። ኮሶም ለእንጨቱ ይቈረጣል። የጠፋ ዕፅ ደግሞ በማንም ሊቅ አይመረመርም።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ በትምህርት ቤታችን ግቢ የመድኃኒት ዕፀዋት አትክልት ቦታ ይዘጋጅ፤ ቀበርቾና ኮሶም ይተከሉበት። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ተማሪ ከአያቶቹ የሰማውን፥ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፥ በደብተር ይጻፍ። ሦስተኛ፥ የተክሉን ቅጠልና አበባ በጋዜጣ መካከል አድርቆ ያኑር። አንድ ስም በሁለት ወረዳ ሁለት ተክል ሊሆን ስለሚችል፥ ስም ያለ ተክሉ ምስክር አይሆንም። ከ1980 እስከ 2009 ዓ/ም በተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ስድስት ሺህ ያህል ዓይነት ዕፀዋት ተመዝግበዋል፤ በአዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየምም የደረቁትን ናሙናዎች ይጠብቃል። እኛም ከደጋ ዳሞት የሰበሰብነውን ብናቀርብ ሥራችን ከዚያ ጋራ ይመዛዘናል።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ይህን ንግግር ሰምቶ ማንም ቅጠል በጥሶ እንዳይጠጣ፤ ለልጁም እንዳያጠጣ። የታመመ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የአገር መድኃኒትም ወስዶ እንደ ሆነ ለሐኪሙ አይሸሽግ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላልና። ዶክተር አክሊሉ ያገኙት ነገር በየወንዙ ዳር ሴቶች በየቀኑ በእጃቸው የያዙት ነበር። ከመካከላችን አንዱ ነገ እንደዚሁ የሚያይ ዓይንና የሚመዝን ሚዛን ይዞ ወደዚህ ደጋ እንዲመለስ እንመኛለን።