ጣትም ይማራል
(በተማሪዎች ኅብረት ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ሲና ከመድረሱ በፊት በጣርማ በር ዋሻ ያልፋል። ዋሻው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለ ነው። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት፣ የይፋት ቆላ ይደርሳል። ዛሬ የምንናገረው ከዚያ ማዶ ስለ መጣን ተማሪዎች ነው።

እጃችን ሥራ አያውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል። የመስኖ ውሃ ከቦይ ወደ ሽንኩርት መደብ መመለስን፣ ማሾ መልቀምን ከልጅነታችን እናውቃለን። ይህንም የተማርነው ሲነገረን ሳይሆን ዶማውን ራሳችን ስለ ያዝን ነው። ኮምፒዩተር ግን በዚህ መንገድ አልደረሰንም። ብዙዎቻችን የክፍሎቹን ስም ሸምድደን ፈተና አልፈናል፤ ኪቦርድ የነካነው እዚህ ከገባን በኋላ ነው።

እኩል ትምህርት ለማዳረስ ያልተሞከረ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ግድም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ይሰጥ ጀመር፤ ነገር ግን ፕላዝማ የሚታይ እንጂ የሚነካ አልነበረም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ለአንድ ዓመት ያህል በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ቆየ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ በኮምፒዩተር ተፈተኑ፤ በዚያው ወር አምስት ሚሊዮን ሰዎችን ኮዲንግ ለማስተማር የታቀደው የኢንተርኔት ትምህርት ተከፈተ። በሩ ለሁሉም ነው ተባለ፤ መሣሪያ ለሌለው ግን የተከፈተ በር ምን ይረባዋል?

ልዩነቱ እዚህ ግቢ ውስጥም አይጠፋም። በቤተ ሙከራ አንድ ኮምፒዩተር ለአምስት ሲደርስ ማውሱን የሚይዘው ቀድሞ የሚያውቀው ነው፤ ሌላው ከኋላ ተንጠራርቶ ያያል። የሚያውቀው እየሠራ፣ የማያውቀው እያየ ሴሚስተሩ ያልቃል። ውጤት ሲወጣ ያልነካው ተማሪ «ደካማ» ይባላል። አእምሮው አልደከመም፤ ጣቱ ተራ አላገኘም።

በከተማ ያደጉ ጓደኞቻችንን አንወቅስም። ቀድሞ ማወቅ ጥፋት አይደለም፤ ለብቻ መያዝ ግን ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በቤተ ሙከራ የሚያውቀው በአፉ ይምራ፤ የማያውቀው በእጁ ይሥራ።

ሁለተኛ፣ መምህራን የተግባር ፈተናን በቡድን ሳይሆን አንድ በአንድ እንዲሰጡ፣ ቤተ ሙከራውም ቅዳሜ እንዲከፈት።

ሦስተኛ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር እየወጡ ያስተምሩ ነበር። እኛ የምንጠይቀው ዓመት አይደለም፤ የክረምቱን ዕረፍት ነው። ያለንን ላፕቶፕ ይዘን ወደየወረዳችን እንውረድ፤ ልጆቹም በየተራ ይንኩት።

ጉባዔው ይህን ተቀብሎ እንዲወስን እንለምናለን።