ውሻ ጆሮውን ደጋግሞ ሲያራግፍ



ሌሊቱን ሙሉ ግቢያችንን ሲጠብቅ የሚያድር ውሻ ሕመሙን በቃል አይነግረንም። ከእንቅልፉ ሲነሣ ወይም ዝናብ ሲመታው አንዴ ሁለቴ ራሱን ቢያራግፍ የጤና ነው። ቀኑን ሙሉ ካራገፈ፣ በኋላ እግሩ ጆሮውን ካከከ፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳና ከመሬት ጋር ካሻሸ ግን የሚያሳክከው ወይም የሚያመው ነገር አለ። ዛሬ አጥብቄ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ምንነቱ በሐኪም ሳይታይ ጆሮው ውስጥ ምንም ነገር አታፍስሱ።

ምክንያቱ የጆሮው አሠራር ነው። የውሻ የጆሮ ቱቦ በመጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ታጥፎ ወደ ራስ ቅሉ በአግድም ይገባል። ታምቡሩ ያለው ከመታጠፊያው ማዶ ነው። ውኃም ኩክም መግልም ከታች ከተጠራቀሙ በቀላሉ አይወጡም። ጆሮው የተንጠለጠለ ወይም ቀዳዳው ፀጉር የሞላበት ውሻ ደግሞ ነፋስ ስለማያገኝ ሙቀትና እርጥበት ይታመቅበታል። እኛ አጎንብሰን የምናየው መግቢያውን ብቻ ነው። በጥጥ እንጨት ስንጎረጉር ቆሻሻውን ወደ ታምቡሩ እንገፋዋለን።

መንስኤው ብዙ ነው። በቡችሎች ላይ አዘውትሮ የሚታየው ዐይን በቀላሉ የማይለየው የጆሮ ተባይ ነው፤ መጠኑ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ጆሮው ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ቡናማ ፍርፋሪ ይሞላል። ከዚህ ፍርፋሪ ትንሽ በጥጥ አንሥታችሁ ጥቁር ወረቀት ላይ በትኑት፤ ፀሐይ ላይ አድርጋችሁ በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። የሚንቀሳቀሱ ነጫጭ ነጥቦች ካያችሁ ተባዩ እሱ ነው። ነጥብ ባታዩ ግን የለም ማለት አይደለም። ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ የሚደርሰው በ3 ሳምንት ገደማ ስለሆነ ሕክምናው ይህን ጊዜ መሸፈን አለበት። ከውሻ ወደ ድመት፣ ከድመት ወደ ውሻ ስለሚዛመትም በቤቱ ያሉት ሁሉ አብረው ይታከማሉ።

መዥገርም ጆሮ ውስጥ መጣበቅ ይወዳል። በአንድ ጆሮ ብቻ ድንገት የጀመረ፣ ውሻው ጭንቅላቱን ወደ አንድ ወገን እያዘመመ የሚያራግፈው ከሆነ ደግሞ ሹል የሣር ፍሬ ገብቶበት እንደሆነ መጠርጠር ነው። ሽታው የከረረ፣ ቅባታማ ቡናማ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ የፈንገስ ነው፤ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል ደግሞ የባክቴሪያ። በዐይን ብቻ መለየት ግን አስተማማኝ አይደለም፤ ሐኪሙ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ማየት አለበት። ለዚህም ነው ወደ ክሊኒክ የምትሄዱበት ቀን ጠዋት ጆሮውን እንዳታጸዱ የምመክረው። ጫፉ ላይ ብቻ ቁስልና ቅርፊት ካለ የምትናከስ ዝንብ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ የግቢው ፍግና ቆሻሻ መጠረግ ከመድኃኒቱ እኩል ይረዳል።

ላምባ፣ ቤንዚን፣ አልኮል የሚያፈስሱ ሰዎች ለውሻቸው አዝነው እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ነገር ግን የቆሰለውን ቆዳ ያቃጥሉታል። ታምቡሩ ተቀድዶ ከሆነ ጉዳቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ መስማትንና ሚዛንን ይነካል። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ጠብታም ከዚህ አያመልጥም፤ ለምሳሌ ጄንታማይሲን በተቀደደ ታምቡር በኩል ወደ ውስጥ ከገባ ውሻን ሊያደነቁር ይችላል። ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን በግምት መውጋትም አደገኛ ነው፤ እንደ ኮሊ ባሉ ዝርያዎች ብዙ ውሾች በዘር በወረሱት ባሕርይ ምክንያት ሊሞቱበት ይችላሉ።

ታምቡሩ ደህና መሆኑ ከታወቀ በኋላ ማጽዳቱ ከባድ አይደለም። ለውሻ ጆሮ የተዘጋጀውን ማጠቢያ በእጃችሁ ይዛችሁ ለብ አድርጉት፤ ቀዳዳው ውስጥ አፍስሱና የጆሮውን ሥር በቀስታ እሹ። የሚንቦጫረቅ የውኃ ድምፅ ትሰማላችሁ። ከዚያ ልቀቁትና ያራግፍ፤ ይህን ማራገፍ የምንፈልገው ነው፤ ታች የነበረውን ወደ ላይ ያመጣዋልና። የወጣውን በጥጥ ጥረጉ። የሚያመው ውሻ የቤት ልጅ ቢሆንም ይነክሳልና አፉን ማሰር ተገቢ ነው። የማታውቁትን ውሻ ግን በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት ለባለሙያ ተዉት።

መቆየትም ዋጋ ያስከፍላል። ውሻው በኃይል ሲያራግፍ በጆሮው ቅጠል ውስጥ ያሉ ትንንሽ የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ደሙ በቆዳውና በለስላሳው አጥንት መካከል ይቋጠርና ጆሮው ለስላሳ ትራስ መስሎ ያብጣል። ካልታከመ ተኮማትሮ ይቀራል። አንገቱ ከተጣመመ፣ ከተንገዳገደ ወይም ዐይኑ ከተንቀጠቀጠ ሕመሙ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ከዳነ በኋላ ደጋግሞ የሚመለስ ሕመም፣ በተለይ መዳፉንም የሚልስ ከሆነ፣ ሥሩ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ለ8 ሳምንት ያህል አንድ ዓይነት የተመረጠ ምግብ ብቻ እንዲበላ ሊያዝዝ ይችላል። በእነዚያ ሳምንታት ከገበታ የምትወረወር አንዲት አጥንት ሙከራውን ታበላሻለች፤ ስለዚህ ለልጆቹም፣ ለዘበኛውም፣ ለሚመጣው እንግዳም አስቀድሞ ይነገራቸው።